ተማሪዎች ያነበቡትን መረዳታቸውን እንዴት እንመዝናለን? ለአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህራን የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ተማሪ ምንባቡን ጮክ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ ሲያነብ «ጎበዝ» ብለን ወደሚቀጥለው ተማሪ ማለፍ የተለመደ ነው። ልጁ ያነበበው ነገር ገብቶት እንደሆነ ግን በዚህ ብቻ አናውቅም። ንባብና ትርጓሜ የተለያዩ እውቀቶች መሆናቸው በአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤት የገባ ልጅ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አቀላጥፎ ያነባል፣ ትርጓሜውን በወጉ የሚማረው ግን ብዙ ቆይቶ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ነው። የዛሬው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ያህል የሚቆይበት ጊዜ የለውም። ከፍ ወዳሉት ክፍሎች ሲሸጋገር የሳይንሱንም የኅብረተሰቡንም ትምህርት የሚያገኘው በንባብ ስለሆነ፣ የመረዳት ድክመቱ በየትምህርት ዓይነቱ ይከተለዋል።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የጀማሪ አንባቢዎች ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ፣ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም ጥያቄ በትክክል እንዳልመለሱ ታይቷል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት ልጆች ፊደል የሚለዩ፣ ቃላት የሚያነቡ፣ ነገር ግን ምንም መልእክት ይዘው የማይወጡ ናቸው። አንድ ቃል ማንበብ ያቃተውን ልጅ መምህሩ በቀላሉ ይለየዋል፤ እነዚህኞቹ ግን ድምፃቸው ስለሚሰማ ሳይታወቁ ያልፋሉ። ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው እነርሱን ለማግኘት ነው። ምሳሌዎቹ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል የተመጠኑ ቢሆኑም አሠራሩ ለሌሎቹም ክፍሎች ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ምንባቡን መምረጥ ወይም ማዘጋጀት

ለምዘና የሚውል ምንባብ ተማሪዎቹ ከዚህ በፊት ያላነበቡት መሆን አለበት። በመማሪያ መጽሐፉ ያለውን ምንባብ ብዙ ልጆች በቃላቸው ይዘውታል፤ ከታላላቆቻቸው የሰሙትም አሉ። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ የሚለካው መረዳትን ሳይሆን ማስታወስን ነው። አዲሱ ምንባብ በቃላቱና በዓረፍተ ነገሮቹ ርዝመት ከመጽሐፉ ጋር የሚቀራረብ፣ ልጆቹ በሚያውቁት ዓለም ውስጥ የሚካሄድ፣ ሆኖም ሁሉን ነገር ዘርዝሮ የማይናገር ቢሆን ይመረጣል። አንባቢው ራሱ የሚሞላው ነገር ከሌለ ስለ መረዳቱ ብዙ መጠየቅ አይቻልም።

ስለ ባሕር መርከብ የሚናገር ምንባብ ለደጋ ገጠር ልጅ፣ ስለ እርሻ ሞፈርና ቀንበር የሚናገር ደግሞ ለከተማ ልጅ ከንባብ ችሎታው በላይ የሕይወት ልምዱን ይፈትናል። ይህ በሚገባ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ልጁ የወደቀው ዕቃውን አይቶ ስለማያውቅ ከሆነ ውጤቱ ስለ ንባቡ የሚነግረን ነገር የለም።

ለዚህ መመሪያ የሚከተለውን አጭር ምንባብ አዘጋጅቻለሁ፤ በሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ በእርሱ እንጠቀማለን።

«ሰኞ ማለዳ ትርንጎ የውሃ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖ ወረደች። ቦኖው ጋ ስትደርስ ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ተዘርግቶ አገኘችው። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየችና ጀሪካኗን ለጎረቤቷ ለእማማ በላይነሽ አደራ ሰጥታ ወደ ቤት ሮጠች። ደብተሮቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ስትወጣ ደወሉ ከሩቅ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ጀሪካኗ ሞልቶ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ነበር። እናቷ ፈገግ ብላ ‹ነገ ቡና ሲፈላ እማማ በላይነሽን ጥሪያቸው› አለቻት።»

ደረጃ 2፦ ጥያቄዎችን ማውጣት

የምዘናው ጥራት የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ይህን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ፦ «ቀላጢው በድምጢው ላይ ሸነገፈ።» ቃላቱ የተፈጠሩ ናቸው፤ ምንም ትርጉም የላቸውም። ሆኖም «ቀላጢው በምን ላይ ሸነገፈ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «በድምጢው ላይ» ብሎ ይመልሳል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። በክፍል ውስጥ ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። የጥያቄውን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ፈልጎ አጠገባቸው ያለውን መገልበጥ መልስ የሚያስገኝ ከሆነ ጥያቄው መረዳትን አልመዘነም።

ስለዚህ ጥያቄዎቹን በደረጃ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ መልሳቸው በምንባቡ ውስጥ በግልጽ የተነገረ ቢሆኑም በሌላ ቃል ይጠየቁ። «ትርንጎ ወደ ምን ወረደች?» ከማለት ይልቅ «ትርንጎ ከቤት የወጣችው ምን ልታመጣ ነበር?» ቢባል ልጁ ቦኖ ምን እንደሆነና ጀሪካኑ ለምን እንደተያዘ ማገናኘት ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን የሚያያይዙ ናቸው። በአማርኛ ለዚህ የሚመች ነገር በግሶቻችን ውስጥ አለ፤ አድራጊውና ተደራጊው ብዙ ጊዜ በስም ሳይጠሩ በግሱ ቅጥያ ብቻ ይነገራሉ። «አለቻት» የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። «‹አለቻት› ሲል ማን ማንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ቢመስልም፣ ታሪኩን ያልተከተለ ልጅ ተናጋሪዋን እማማ በላይነሽ ወይም ትርንጎ ሲያደርጋት በተደጋጋሚ ይሰማል። ይህን ጥያቄ በማንኛውም ምንባብ ላይ ማውጣት ስለሚቻል ጊዜ ላጠረው መምህር በተለይ እመክረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያልተነገረውን ከተነገረው የሚያስገኙ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ትርንጎ ፀሐይዋን ለምን አየች? ለምን ወደ ቤት ሮጠች? ጀሪካኑን ማን ሞላው? እናቷ ጎረቤቲቱ ለቡና እንዲጠሩ የፈለገችው ለምንድን ነው? የእነዚህ ሁሉ መልስ በምንባቡ ውስጥ በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም፤ ይሁን እንጂ ምንባቡን የተረዳ ልጅ ሳይጠራጠር ይመልሳቸዋል። ከአምስት ጥያቄዎች ቢያንስ ሁለቱ እንዲህ ያሉ ይሁኑ።

የቃላት ጥያቄም ከምንባቡ ሳይለይ ይጠየቅ። «አደራ ምንድን ነው?» ከማለት «ትርንጎ ጀሪካኗን አደራ ሰጠች ሲል እማማ በላይነሽ ምን እንዲያደርጉላት ነው?» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የቃል ፍቺ የማስታወስ ሲሆን ሁለተኛው ቃሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሠራውን ሥራ ይጠይቃል።

ጥያቄዎቹ ከተዘጋጁ በኋላ ምንባቡን ላላነበበ ሰው፣ ለምሳሌ ለሌላ ክፍል ተማሪ፣ ጥያቄዎቹን ብቻ ያቅርቡለት። ሳያነብ የሚመልሰው ጥያቄ ካለ አውጥተው ይጣሉት። «ውሃ ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ በዚህ ማጣሪያ አያልፍም።

ደረጃ 3፦ ልጁን ለብቻው ማስነበብና ማዳመጥ

ተማሪውን ከጓደኞቹ ፈንጠር አድርገው አጠገብዎ ያስቀምጡት። ከመጀመሩ በፊት ዓላማውን ይንገሩት፤ «አንብበህ ስትጨርስ ስለ ታሪኩ እናወራለን» ማለት ይበቃል። ይህ ካልተነገረው ፍጥነት የሚፈለግ መስሎት ይሮጣል። ለአገር አቀፍ ጥናት በሚደረጉ ምዘናዎች ልጁ የሚያነበው ለ60 ሴኮንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚጠየቀውም እስከዚያ ባነበበው ክፍል ላይ ነው። ለጥናት ይህ ምክንያት አለው፤ በክፍል ውስጥ ግን ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ታሪኩን እስከ መጨረሻ እንዲደርስበት ሊፈቀድለት ይገባል። ዝግተኛ አንባቢን መረዳት እንደተሳነው ሰው መቁጠር በልጁ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ሲያነብ ደግሞ በአማርኛ ብቻ የሚገኝ ባይሆንም በአማርኛ በጣም የሚጎላ አንድ ምልክት ያዳምጡ፤ እርሱም ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውሃ ላይ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ማለት ነው። «ገና»ም እንዲሁ ነው። የትኛው እንደሆነ አንባቢው የሚያውቀው ከአገባቡ ብቻ ስለሆነ፣ በትክክል አጥብቆ ወይም አላልቶ ያነበበ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን መረዳቱን በድምፁ ይመሰክራል። «አስተማሪያችን ነገ ፈተና የለም አለ» እና «በጓሮው የብርቱካን ዛፍ አለ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አከታትለው ያስነብቡ። የመጀመሪያው «አለ» ላልቶ፣ ሁለተኛው ጠብቆ መነበብ አለበት፤ ቃሉ በመጨረሻ ላይ ስለሚገኝም ቀድሞ ያለውን ሁሉ ይዞ ያልመጣ ልጅ ይሳሳታል። «ይበላል» የሚለውም ለዚህ ይጠቅማል፦ «ልጁ ዳቦውን ይበላል» ላልቶ፣ «ዳቦው በቁርስ ሰዓት ይበላል» ጠብቆ። እንዲህ ያሉ ቃላትን በምንባብዎ ውስጥ ሆን ብለው ሁለት ሦስት ቦታ ቢያስገቡ ጥያቄ ሳይጠይቁ እንኳ ብዙ ይሰማሉ። በእርግጥ አማርኛን እየተማረ ያለ፣ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ልጅ ገብቶትም ማጥበቁን ሊስት ስለሚችል፣ ይህ ምልክት ለብቻው ፍርድ አይሰጥበትም።

ሌላው ምልክት ራስን ማረም ነው። የተሳሳተውን ቃል ካነበበ በኋላ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተካክል ልጅ ትርጉሙን እየተከታተለ ነው። ስለዚህ ራሱ ያረመውን ስህተት እንደ ስህተት አይቁጠሩበት፤ እንዲያውም በማስታወሻዎ ላይ በመልካም ጎን ይመዝግቡለት።

ደረጃ 4፦ በራሱ አባባል እንዲተርክ ማድረግ

ንባቡ እንዳለቀ ጥያቄ ከመጠየቅዎ በፊት ወረቀቱን ተቀብለው «ያነበብከውን ላልሰማ ጓደኛህ እንደምትነግረው አድርገህ ንገረኝ» ይበሉት። ጥያቄ ቀድሞ ከመጣ የመልሱን ፍንጭ ይዞ ስለሚመጣ ትረካው የልጁ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ለትረካው ነጥብ ለመስጠት የምንባቡን ዋና ዋና ሐሳቦች አስቀድመው በወረቀት ላይ ያስፍሩ። በእኛ ምንባብ ስድስት ናቸው፦ ውሃ ልትቀዳ መሄዷ፣ ሰልፉ መርዘሙ፣ ሰዓቱ እንደሄደ መገንዘቧ፣ ጀሪካኑን ለጎረቤቷ መተዋ፣ ወደ ትምህርት ቤት መሄዷ፣ ስትመለስ ውሃው ተቀድቶ ማግኘቷና እናቷ ለምስጋና ማሰቧ። ልጁ ሳይጠየቅ የተናገረውን አንድ ምልክት ያድርጉበት፤ «ከዚያስ?» ተብሎ የጨመረውን ደግሞ በሌላ ምልክት ይለዩት። የቃላት ምርጫውን፣ ድፍረቱንና የአነጋገር ውበቱን ከነጥቡ ጋር አያያይዙ። አንዳንድ ልጅ ዓይን አፋር ነው፤ በትልቅ ሰው ፊት ብዙ አለመናገርን በቤቱ እንደ ጨዋነት ተምሮታል። ዝምታውን አለመረዳት አድርጎ ከመውሰድ በፊት ለጓደኛው እንዲተርክ አድርጎ ከጎን ሆኖ መስማት ይቻላል።

ደረጃ 5፦ ጥያቄዎቹን መጠየቅና ነጥብ መስጠት

አሁን ምንባቡን መልሰው ይስጡት። መልሱን ከምንባቡ እየተመለከተ እንዲፈልግ መፍቀድ ይገባል፤ የምንመዝነው ትውስታውን አይደለምና። በግልጽ ለተነገሩት ጥያቄዎች 0 ወይም 1፣ ለሚታሰቡት ግን 0፣ 1 ወይም 2 ነጥብ መስጠት ይሻላል። «ትርንጎ ለምን ወደ ቤት ሮጠች?» ተብሎ «ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት» ያለ 2 ያገኛል፤ «ሰልፉ ረጅም ስለሆነ» ያለ ምክንያቱን በከፊል ስለያዘው 1 ያገኛል፤ «ውሃ ልትቀዳ» ያለ 0 ነው።

ያልጠበቁት መልስ ሲመጣ ከመፍረድዎ በፊት «ከየት አወቅኸው?» ብለው ይጠይቁ። ይህ አጭር ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የልጁን አእምሮ የሚከፍት ነው። አንድ ልጅ «እናቷ እንዳትቆጣት ነው የሮጠችው» ብሎ ቢመልስና ሲጠየቅ «ደብተሯን ሳትይዝ ስለወጣች» ቢል የምንባቡን ማስረጃ ይዟል፤ ነጥብ ይገባዋል። «እኔ እናቴ ስለምትቆጣኝ» ካለ ግን የተናገረው ከራሱ ሕይወት እንጂ ከምንባቡ አይደለም። ሁለቱ ልጆች በወረቀት ላይ አንድ መልስ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ልዩነታቸው ባልታወቀ ነበር።

ደረጃ 6፦ መላውን ክፍል በአንድ ጊዜ መመዘን

በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ያለው መምህር ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያደርገው አይችልም። በየቀኑ ሌሎቹ በለሆሳስ ሲያነቡ አምስት ልጆችን ቢያነጋግር በ12 የትምህርት ቀናት ሁሉንም ያዳርሳል። በመካከሉ ለመላው ክፍል የሚሆኑ ዘዴዎች አሉ።

ከእነዚህ የምመርጠው ክፍት ቦታ ማስሞላትን ነው። በተለመደው አሠራር በየአምስተኛው ወይም በየሰባተኛው ቃል ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። የአማርኛ ቃል ግን አድራጊን፣ ተደራጊን፣ አሉታንና ጊዜን በአንድነት ስለሚሸከም በዚህ ቁጥር መሄድ ምንባቡን ከልክ በላይ ያከብደዋል። የሚሻለው እየመረጡ መሰረዝ ነው። ግሳችን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚውል እርሱን መሰረዝ ልጁ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንብቦ እንዲይዝ ያስገድደዋል፦ «ቀና ብላ ፀሐይዋን አየችና ጀሪካኗን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ወደ ቤት ______።» አያያዥ ቃላትም እንዲሁ ለመሰረዝ የተመቹ ናቸው፤ «ስለዚህ»ን፣ «ነገር ግን»ን፣ «ምክንያቱም»ን በቦታቸው የሚያስገባ ልጅ የሐሳቡን አካሄድ ተከትሏል። እርማት ሲሠሩ ልጁ «ሮጠች» በማለት ፋንታ «ተመለሰች» ወይም «ሄደች» ቢጽፍ ይቀበሉት፤ «ሮጠ» ብሎ ከጻፈ ግን ትርንጎ ሴት መሆኗን ስቷልና ለብቻው ይመዝግቡት። የፊደል ግድፈትን በዚህ ምዘና ላይ አይቀንሱበት፤ እርሱ የጽሕፈት ትምህርት ጉዳይ ነው።

ወረቀት ማባዛት በማይቻልበት ክፍል ምንባቡን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ዓረፍተ ነገሮችን በቃል ማቅረብና ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው «እውነት» ከሆነ እጃቸውን እንዲያወጡ ማድረግ ይቻላል። ዓረፍተ ነገሮቹን ሲያዘጋጁ አንዱ ቃላቱ ተለውጠው ሐሳቡ ያልተለወጠ፣ ሌላው ቃላቱ ሳይለወጡ ሐሳቡ የተለወጠ ይሁን። «ጎረቤቷ ውሃውን ቀድተው ቤቷ ድረስ አደረሱላት» እውነት ነው፣ ምንም እንኳ ከምንባቡ ጋር የሚጋራው ቃል ጥቂት ቢሆንም። «ትርንጎ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቤት ሮጠች» ደግሞ ቃላቱ ሁሉ የምንባቡ ሆነው ሐሰት ነው። በቃል መመሳሰል የሚሄዱት ልጆች በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ይለያሉ።

ምርጫ ጥያቄ ለእርማት ቀላል ቢሆንም ልጁ በግምት የመመለስ ዕድል አለው፤ ከተጠቀሙበት የተሳሳቱት አማራጮች ከምንባቡ የወጡና ያልተረዳ ልጅ ሊመርጣቸው የሚችላቸው ይሁኑ።

ደረጃ 7፦ ድክመቱ ከየት እንደመጣ መለየት

ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ልጅ ሲገኝ ሌላ ተመሳሳይ ምንባብ እርስዎ ራስዎ ያንብቡለትና የዚያኑ ዓይነት ጥያቄዎች ይጠይቁት። ሲሰማ የሚረዳ፣ ሲያነብ ግን የማይረዳ ከሆነ ችግሩ ፊደሉንና ቃሉን በመለየት ላይ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ስለሚያልቅ ለትርጉሙ የሚተርፈው የለም። እንዲህ ያለውን ልጅ በአንብቦ መረዳት ጥያቄ ማብዛት አይረዳውም፤ የሚያስፈልገው የፊደልና የአቀላጥፎ ማንበብ ልምምድ ነው። ሲሰማም የማይረዳ ከሆነ ግን ቃላት አጥሮታል፣ ወይም ጉዳዩን አያውቀውም፣ ወይም ቋንቋው ገና አልገባውም። ሁለቱን ልጆች በአንድ የማጠናከሪያ ክፍል ማስቀመጥ ለአንዳቸውም አይጠቅምም።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ ምንባቡን በአማርኛ አንብቦ መልሱን በሲዳምኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ አፍ በፈታበት ቋንቋ እንዲሰጥ ይፍቀዱ። እርስዎ ካልሰሙት የሚሰማ ባልደረባ ወይም ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ ይተርጉም። በውጭ አገር በቅዳሜና በእሑድ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጡ መምህራንም ልጆቹ በሚኖሩበት አገር ቋንቋ እንዲመልሱ ቢፈቅዱ መረዳቱን ከመናገሩ ለይተው ያያሉ። ከሰሌዳው ርቆ ሲቀመጥ የሚሳሳት፣ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋ ልጅ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ወላጆቹ ዓይኑን እንዲያስመረምሩት ይነገራቸው።

ደረጃ 8፦ መመዝገብና መልሶ መመዘን

ለእያንዳንዱ ተማሪ በመዝገቡ ላይ አንድ ድምር ውጤት ብቻ ማስፈር ለቀጣዩ ትምህርት አያግዝም። በግልጽ የተነገረውን መለየት፣ ዓረፍተ ነገሮችን ማያያዝ፣ ያልተነገረውን መገንዘብ፣ ቃልን ከአገባቡ መረዳትና መተረክ ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው። ዓምዱን ወደ ታች ሲያነቡ የክፍሉን ድክመት፣ መስመሩን ወደ ጎን ሲያነቡ የልጁን ድክመት ያገኛሉ። አብዛኛው ክፍል ያልተነገረውን በመገንዘብ ዝቅ ካለ ጉድለቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት መምህሩ ራሱ እያነበበ፣ «ፀሐይዋን አየች ይላል፤ ማለዳ ነው፤ ደብተሯንም ልትይዝ ሮጠች፤ ስለዚህ የትምህርት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው» እያለ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ሊያሳያቸው ይገባል።

ለወላጅ በሚላከው ሪፖርት ላይም ከነጥቡ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ «ታሪኩን በትክክል ይተርካል፣ የድርጊቶቹን ምክንያት ለማስረዳት ግን ይቸገራል» የሚል ቃል ለእናትና ለአባት ከ10 6 ከማለት የበለጠ ይነግራቸዋል፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ይህን ሲሰማ ማታ ልጁን «ዛሬ ምን አነበብክ? ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ከአንድ ወር ተኩል ወይም ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ምንባብ፣ በተመሳሳይ የጥያቄ ዓይነቶችና በተመሳሳይ የነጥብ አሰጣጥ መልሰው ይመዝኑ። ያንኑ ምንባብ መድገም አይገባም፤ የትርንጎን ጀሪካን ማን እንደሞላው በዚያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል።